የወይራ ውሃ ኤሊዎችና የመጨረሻዋ እጅ

በዚህ አገር ማንኛውም ስብሰባ የሚያልቀው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ» ሲል ያልቃል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ያ ሰውዬ ሲቀመጥ ያልቃል።

ያን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። እሱ የሌለበት ቀበሌ የለም፤ እሱ የሌለበት ዕድር የለም። አጀንዳው ሲነበብ ዝም ይላል። ውይይቱ ሲጋጋል ዝም ይላል። ሰው ሁሉ ደብተሩን አጥፎ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ግማሽ መቀመጫውን ከአግዳሚው ካነሣ በኋላ ግን ከኋላ ረድፍ አንዲት እጅ ትወጣለች። አትቸኩልም። ቀስ ብላ፣ ተዝናንታ፣ ቀኑ ገና እንደ ጀመረ ሁሉ ነው የምትወጣው። ያን ጊዜ የተነሣው መቀመጫ ሁሉ በረጅም ትንፋሽ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የእኛ የቢቸናው ባለ እጅ ክቡር አቶ ሽታሁን ናቸው። «ክቡር» የምትለዋን የጨመርኩላቸው እኔ ነኝ እንጂ ሿሚ የላቸውም። ጡረታ የወጡ የከብት ክትባት ሠራተኛ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት መርፌያቸውን ይዘው ከአምበር እስከ ግንደወይን ያልገቡበት በረት የለም። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፤ ምሥራቅ እባላለሁ። «ጽሕፈቷ ያምራል» ተብዬ፣ በዚህችው ጥፋቴ፣ ስድስት ዓመት የቀበሌያችን ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኛለሁ። ስለዚህ የጋሽ ሽታሁንን ሐሳብ ሌላው ሰው በጆሮው ብቻ ሲሸከም እኔ በጣቴም ተሸክሜዋለሁ።

ሁለት ንግግር አላቸው። ሲነሡ «አጭር ሐሳብ ናት» ይላሉ። አጭር ሆና አታውቅም። መሐል ላይ ብዕሬ መቆሙን ካዩ ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብለው «ይቺ በቃለ ጉባኤ ትመዝገብልኝ» ይላሉ። ይኸውና ስድስት ዓመት ስመዘግብ ኖርኩ። የመንገድ መብራት አለ፤ የቄራው ውሾች አሉ፤ የጤና ጣቢያው በር ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ መከፈት እንዳለበት የሚያስረዱ ሦስት ገጾች አሉ። (በሩ በኋላ ወደ ውስጥ እንዲከፈት ተደረገ። ትክክል ነበሩ። ይኼ ነው ክፋታቸው።)

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሐሳባቸው አንድ ብቻ ሆነ። ኤሊ።

ከከተማው የግማሽ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ ወይራ ውሃ የሚባል ኩሬ አለን። ከብቱ ይጠጣበታል፤ ልጆች ይንቦጫረቁበታል፤ ኤሊዎችም ይኖሩበታል። የውሃዋን ኤሊ ማለቴ ነው፤ ያቺን ጠፍጣፋዋን፣ ስትፈራ አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ ከድንጋይ ልብሷ ሥር የምትሸጉጠውን። ጋሽ ሽታሁን ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ይቆጥሯቸዋል። አንዷን ሁለት ጊዜ እንዳይቆጥሩም እያንዳንዷን እየያዙ በጀርባዋ ላይ በግእዝ ቁጥር ጽፈውባታል፤ በመሐላቸው ያለችው ዓይነ ስውርም ቁጥሯ አላት። የጻፉት በልጃቸው በሉሊት ቀይ የጥፍር ቀለም ነው። ሉሊት ከደብረ ማርቆስ ለበዓል መጥታ ብልቃጡን ባዶውን ብታገኘው ልታለቅስ ደረሰች።

«አባዬ፣ ያ ቀለም እኮ ለሠርግ ያስቀመጥኩት ነው!»

«እነሱም ሠርግ ላይ ናቸው፤ ክረምት አይደለም እንዴ?» አሏት።

የመጀመሪያው ቆጠራ አርባ ሦስት ነበር። ከዚያ ያ የምናውቀው መጣ። አንድ ክረምት ነሐሴ ሳያልቅ ዝናቡ ቆመ። በቀጣዩ ዓመት ዘግይቶ መጥቶ ቸኩሎ ሄደ። ሰው ስለ ጤፉ አለቀሰ፤ ስለ ሳሩ አለቀሰ። ጋሽ ሽታሁንም አለቀሱ፤ ከዚያ ግን አይናቸውን ጠርገው እጃቸውን አወጡ።

የማዳበሪያ ስብሰባ ላይ አወጡ። «አጭር ሐሳብ ናት። ማዳበሪያው ዘገየ ተባለ፤ እውነት ነው። የወይራ ውሃ ኤሊዎች ሃያ ሰባት መድረሳቸው ግን በማን ዘገባ ውስጥ ገባ?» የዕድር ስብሰባ ላይ አወጡ። «ሴቷ እንቁላሏን የምትቀብረው አፈር ቆፍራ ነው። አፈሩ እንደ ሸክላ ከደረቀባት ቆፍራ አትዘልቀውም። ይኸው ሁለት ዓመት ጫጩት አላየሁም። ያሉት ሁሉ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። እዩት እስቲ ይኼን አዳራሽ፣ ልክ እንደ እኛ ዕድር!» የዕድሩ ዳኛ ዞር ዞር ብሎ ተሰብሳቢውን አየና የራሱን ሽበት ዳበሰ።

የወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገው ግን ከሁሉም ይበልጣል። አዲሱ ርእሰ መምህር ከደቡብ ተመድቦ የመጣ ትሑት ልጅ ነው፤ ስብሰባውን ሲመራ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ጋሽ ሽታሁን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ልጅ የላቸውም። እጃቸው ስትወጣ ርእሰ መምህሩ በአክብሮት «አባቴ፣ የማን ወላጅ ነዎት?» አላቸው።

«እኔማ አርባ ሦስት ነበሩኝ» አሉ ጋሽ ሽታሁን፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ዘንድሮ ሃያ ሰባት ብቻ ቀሩልኝ።»

ልጁ ብድግ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎ ለአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ጠየቀ። አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ነገሩን የምናውቀው ሁሉ ከንፈራችንን ነክሰን ቆምን። ጋሽ ሽታሁን ግን አልሳቁም። ደቂቃዋ ስታልቅ «አመሰግናለሁ ልጄ፤ እስካሁን ማንም አልቆመላቸውም ነበር» አሉት።

ኤሊዎቹ ሞጣ ድረስም ተከትለዋቸዋል። እዚያ የአንድ ቀን የድርቅ ሥልጠና ነበር፤ እሳቸው ቢቸናን ወክለው፣ እኔ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ሄድን። አሠልጣኙ ሥላይዱን ዘግቶ፣ ከጓሮ የወጡ ሽታ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲነሣ ያቺ እጅ ወጣች።

«አባቴ፣ ከምሳ በኋላ ቢቀጥሉስ?» አላቸው አሠልጣኙ።

«ከምሳ በኋላ ሰው አይኖርም፤ እኔ ሥልጠና አውቃለሁ» አሉ።

ከጎናቸው የሞጣን ነጋዴዎች ወክሎ የመጣ አብዱልዋሂድ የሚባል ሰው ተቀምጧል፤ ሳፋና ጀሪካን ነው የሚነግደው። «ሰውዬው እውነታቸውን ነው» አለ እየሳቀ። «ደግሞ ስለ ኤሊው እኔም መስማት እፈልጋለሁ። ልጅ ሆነን ከከተማው በታች ያለው ወንዝ ውስጥ ስንቱን ስናይ አልነበረም? የት እንደ ገቡ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።» ሁለቱ ሳህናቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። የከሰዓቱ ሥልጠና ተጀምሮ እስኪያልቅ አልተነሡም። ጋሽ ሽታሁን እንዳሉትም ከሁለቱና ከእኔ በቀር ከሰዓት በኋላ በግቢው የቀረ ተሰብሳቢ ጥቂት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብዱልዋሂድ በየሳምንቱ ይደውልላቸዋል። «ስንት ቀሩ?» ነው ሰላምታው።

ዘንድሮ መልሱ እየከበደ ሄደ። ኅዳር ላይ ወይራ ውሃ ግማሽ ሆነ። ታኅሣሥ ላይ መሐሉ ብቻ ቀረ፤ ኤሊዎቹ ሁሉ እዚያች ጭቃ ላይ ተደራረቡ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ዙሪያውን እንደ ለቀስተኛ ቆመው እየመረጡ ያነሡ ጀመር። የቀሩት ውሃ ፍለጋ በእግራቸው ወጡ። ሁለቱን ባጃጅ ጨፈለቃቸው። አንዷ ከተማ ድረስ መጥታ ቦኖው ጋ ጀሪካን ከተደረደረበት ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆማ ተገኘች፤ ሴቶቹ «ወረፋሽን ጠብቂ» እያሉ ሲስቁ ጋሽ ሽታሁን ደርሰው አቅፈው ወሰዷት። ጥር ላይ ኩሬው ጭራሽ ደረቀ። የመጨረሻው ቆጠራ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ከዚያ አሥራ ዘጠኙም ጠፉ።

ሰው ሁሉ «አለቁ፣ ነፍስ ይማር» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ትንሽ እፎይ አልኩ። አንድ እሑድ ግን ጋሽ ሽታሁን ቤቴ መጥተው «ምሥራቅ፣ ልጄ፣ ጫማ ቀይሪና ነይ» ብለው ይዘውኝ ወጡ። የኩሬው ወለል ላይ ቆምን። ጭቃው እንደ አሮጌ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። በታችኛው ጫፍ፣ ከሸምበቆው ሥር፣ በዘንጋቸው አንድ እብጠት አሳዩኝ። ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ጫር ጫር ሲያደርጉት ቀይ ቀለም ብቅ አለ።

«ተኝታለች» አሉ፣ በሹክሹክታ። «ሁሉም እዚህ ናቸው። ጭቃው ሳይደርቅ ራሳቸውን ቀብረዋል። ዝናብ እስኪመጣ ሳይበሉ ሳይጠጡ ይተኛሉ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ብዙ ይችላሉ። ዶማ ግን አይችሉም።» አፈሩን መልሰው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ሕፃን የሚያስተኙ ነው የሚመስሉት።

ስንመለስ ለምን ኤሊ እንደ መረጡ ጠየቅኳቸው። ሲመልሱ አጠር አደረጉት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እኔን ያየ እንስሳ ሁሉ ሸሽቶኛል። በሬው ይወጋኛል፤ ፈረሱ ይራገጣል፤ ውሻው ገና በጠረኔ ያውቀኛል። መርፌ ነኝ ለእነሱ። ኤሊም ስታየኝ አንገቷን ትሰበስባለች። ግን ቁጭ ብለሽ ከጠበቅሻት ታወጣዋለች።»

ዶማ ያሉት በከንቱ አልነበረም። መጋቢት ላይ ቀበሌው የደለል ጠረጋ ዘመቻ አወጀ። ወይራ ውሃ ባዶ ሳለ ሕዝቡ ወጥቶ ደለሉን እንዲያወጣ፣ ክረምት ሲገባ ብዙ ውሃ እንዲይዝ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሁለት መቶ ሰው በሁለት መቶ ዶማ ሊወጣ ነው። ሥራው ሊጀመር የታሰበውም ከታችኛው ጫፍ ነው፤ ለመንገድ ይቀርባልና።

ስብሰባው ረቡዕ ከሰዓት ተደረገ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ናት፤ ቀልጣፋ ሴት። ባለፉት ዓመታት በጋሽ ሽታሁን እጅ ላይ አንድ ዘዴ ፈልስፋለች። «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ስትል አይኗን ወደ ኮርኒሱ ትሰቅላለች። ኮርኒስ እጅ የለውም። «ከሌለ እንለፍ» ትላለች።

ያን ቀን ግን ጋሽ ሽታሁን እጃቸውን ከመጀመሪያው አወጡ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ገና አጀንዳው ሲነበብ ነው ያወጡት። ማንም ልብ አላለም። ሰው እጃቸውን ያየው እንደ ሁልጊዜው መጨረሻ ላይ ነው።

«ጋሽ ሽታሁን፣ እባክዎን ዛሬን» አለች ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል። «ኤሊ ከሆነ ይቅርብን። ሰው ከብት ሊያጠጣ ሩቅ ይሄዳል።»

«አጭር ሐሳብ ናት...»

«ኤሊ ትታለባለች እንዴ ጋሼ?» አለ ዓለምነህ ከመሐል። አዳራሹ ሳቀ። «ኤሊዎ እርሻ ታርሳለች? እኔ ሁለት በሬዎቼን ውሃ ላጠጣ በቀን አራት ሰዓት እነዳለሁ። አንዱ ትናንት መንገድ ላይ ተኛብኝ። እስቲ ኤሊዎን ያምጡና ቀንበር ይጫኑልኝ!»

ዓለምነህን ክፉ ሰው እንዳታደርጉብኝ። በሬው እውነት ተኝቶበታል፤ እያለቀሰ ነው ያነሣው። የሳቀው ሰው ሁሉ የየራሱ በሬ ነበረው። ክፉው ነገር ሌላ ነው። ጋሽ ሽታሁን ስለ መብራቱም፣ ስለ ውሻውም፣ ስለ በሩም እጅ ሲያወጡ ኖረው፣ የእውነት የቸገራቸው ቀን እጃቸው እንደ ወትሮው እጅ ሆና ታየች። በማግስቱ ጠዋት ዶማው ሊወርድ ነው። እሳቸው እጃቸውን አውርደው ተቀመጡ። ስድስት ዓመት ስጽፍ ሐሳባቸውን ሳይጨርሱ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። ቀለሙ ብዕሬ ላይ ደረቀ።

«እንግዲህ በምርቃት እንዝጋ» አለች ሊቀ መንበሯ። «አባ ገብረ ክርስቶስ የት አሉ?»

ሁልጊዜ ስብሰባችንን የሚመርቁት አባ ገብረ ክርስቶስ ናቸው። ያን ቀን ግንደወይን ለቀብር ሄደው ነበር። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ያለ ምርቃት ስብሰባ አይበተንም፤ ለዘመቻ ሲወጣ ደግሞ ያለ ምርቃት ዶማ የሚያነሣ የለም። እኔ ከጠረጴዛዬ ቀና አልኩ። ቃለ ጉባኤ ያዥ አይናገርም፤ ደንቡ ነው።

«ከአባ ቀጥሎ በዕድሜ ትልቁ ጋሽ ሽታሁን ናቸው» አልኩ።

ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል አየችኝ። ሽማግሌን በሰው ፊት «አይመርቁን» ማለት አይቻልም። ደግሞም ምርቃት ሐሳብ አይደለም። «ይመርቁን እንጂ» አለች።

ጋሽ ሽታሁን ተነሡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ጎንበስ አለ።

«ክፉ አይንካችሁ።»

«አሜን!»

«ከብታችሁን ይባርክላችሁ። የዓለምነህን በሬ ይማርለት።»

«አሜን!» የዓለምነህ ድምፅ ከሁሉ በለጠ።

«ዝናቡን በጊዜው ያውርድልን።»

«አሜን!»

«ነገ ዶማ የያዘ እጅ ሁሉ ከላይኛው ጫፍ ይጀምር፤ ጎርፉ ደለሉን የሚጥለው እዚያ ነውና ድካማችሁ ፍሬ ያፍራ።»

«አሜን!»

«ከሸምበቆው ሥር ያለው የታችኛው ጭቃ ዝናብ እስኪወርድ ድረስ ሳይነካ ይደር።»

«አሜን!»

«ኤሊ ያገኘ ሰው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ወደ ታችኛው ጭቃ ይመልሳት፤ እጁም ይባረክ።»

«አሜ...» አለ ግማሹ ሰው። ሌላው ግማሽ ግን ሳያስበው ጨርሶታል። ዓለምነህ ቀና አለ፤ መዳፉ እንደ ተዘረጋ ነው።

«ጋሼ! ይኼ ምርቃት ነው ሐሳብ?»

«አሜን ብለሃል ልጄ» አሉ፣ ኮፍያቸውን እየደፉ።

ጉርምርምታ ሆነ፤ ሳቅ ሆነ። ግን አሜን የተባለበትን ማን ይመልሳል? በጾሙ መሐል፣ በሬ ለተኛበት ሰው፣ ምርቃት አፍርሶ ዶማ ማንሣት አይሞከርም። እኔም ወትሮ «ስብሰባው በምርቃት ተጠናቀቀ» ብዬ የምዘጋውን ያን ቀን ዘርዝሬ ጻፍኩት። ከላይኛው ጫፍ መጀመሩን፣ የታችኛው ጭቃ መቆየቱን፣ ጆንያውን። ከሥሩም «በተሰብሳቢው ሙሉ አሜን ጸድቋል» አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ከወረዳ ተደወለ። «ሙሉ አሜን ምን ዓይነት የድምፅ አሰጣጥ ነው?» ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ስልኩን ይዛ ለአፍታ እኔን አየችኝ፤ ልትጮህብኝ ነው ብዬ ነበር። «ተቃውሞም ድምፀ ተአቅቦም የሌለው» አለችና ዘጋችው።

ጠረጋው ሦስት ቀን ፈጀ። ከላይኛው ጫፍ የወጣው ደለል እንደ ኮረብታ ተቆለለ፤ እውነትም ደለሉ እዚያ ነበር። መንገድ ተሳስተው እዚያ የተቀበሩ አራት ኤሊዎች ተገኙ። አራተኛዋን ያገኛት ዓለምነህ ነው፤ ዶማው ከጀርባዋ አንድ ስንዝር ርቆ አርፏል። «ኧረ ሽማግሌው!» ብሎ ጮኸ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ምርቃትዎ እዚህ አለችልዎት! ይምጡና ያንሷት፣ እኔ አልነካትም፣ ዓይኗ ሰው ያያል!» ጋሽ ሽታሁን ግን አላነሡም። ጆንያውን ሰጥተው ራሱ እንዲወስዳት አደረጉ። ታቅፎ ሲሄድ በሬ ከመንዳት የበለጠ ተጠንቅቆ ነበር።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ሚያዝያ ደረቅ ሆነ። ግንቦት ደረቅ ሆነ። ከሸምበቆው ሥር ያለው ጭቃ ድንጋይ ሆነ። ጋሽ ሽታሁን በየቀኑ ይሄዳሉ፤ ቆመው ያያሉ፤ ይመለሳሉ። በስብሰባ እጅ ማውጣት ተዉ። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ሁለት ጊዜ አይኗን ከኮርኒሱ አውርዳ ወደ ኋላ ረድፍ ስታይ ያዝኳት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አገኙኝ። «ምሥራቅ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጠግቡ ከስተው ነው የገቡት። ያልጠገበ እንቅልፉ ረጅም አይሆንም። ሞተው ከሆነ፣ ሕዝቡን ሁሉ አሜን ያሰኘሁት በሬሳ ላይ ነው።» መንገዴን አዞርኩ። እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው።

ዝናቡ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ጣለ። ጣለ ስላችሁ፣ ቆርቆሮው ሲንኳኳ አስተማሪውም ተማሪውም ከክፍል ወጥቶ ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ጋሽ ሽታሁን ከኩሬው ዳር አልጠፉም። የተጠረገው ጫፍ ሞላ፤ ውሃው ወደ ታች ወረደ፤ ሸምበቆው ሥር ደረሰ። ኤሊ የለም። በሦስተኛው ቀን ሞጣ መሄድ ነበረባቸው፤ አብዱልዋሂድ ልጁን ሀኒያን ሊድር ነው፤ ቃል ገብተውለታል። ሚኒባስ ሲሳፈሩ ፊታቸው የሠርግ ፊት አልነበረም።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የክፍሌ በር ተበርግዶ ዓለምነህ ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ተማሪ ቀጥ ብሎ አየው።

«መምህርት! ስልክ! ሽማግሌው ጋ ደውዪልኝ!»

«ምን ሆንክ?»

«በሬዬ ውሃ ሊጠጣ አፉን ሲሰድ ከሥሩ ራስ ብቅ አለ! በሬው ደንግጦ እኔን ጥሎኝ ሮጠ!»

ደወልኩ። ከሞጣ ወገን ከበሮ ይሰማል፤ ጭብጨባ ይሰማል። ዓለምነህ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ጋሼ! ወጡ!»

«ማን?»

«የእርስዎ ናቸዋ! ሦስት አይቻለሁ። አይ አራት። አንዷ እንኳ ቀለሟ ግማሹ ተልጧል፣ እንደ መስቀል ያለ ነገር ነው የጻፉባት...»

«፲ ናት» አሉ ጋሽ ሽታሁን። «አሥረኛዋ ናት። ዓይነ ስውሯ ናት።»

ዓለምነህ «ጋሼ? ጋሼ?» እያለ ስልኩን ያገላብጣል፤ «ተቋረጠ መሰለኝ» ይላል። አልተቋረጠም። ከበሮው ይሰማል፤ ትንፋሻቸው ይሰማል። ቀጥሎ የአብዱልዋሂድ ድምፅ መጣ፦

«ምን ነገራችኋቸው ሰውዬውን? እያለቀሱ ነው። ሰው ሞተ?»

«ኧረ ኤሊዎቹ ወጡ!» አለ ዓለምነህ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ አብዱልዋሂድ ሲጮህ በዚያ ያሉ ሴቶች ነገሩን ሳያውቁ እልልታውን አቀለጡት። የእኔ ተማሪዎችም ምክንያቱን ሳያውቁ አጨበጨቡ። እኔም አልከለከልኳቸውም።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመልሰው መጡ፤ አብዱልዋሂድ ለጾማቸው ያስቋጠረላቸውን ሽሮ በፔርሙዝ ይዘው። ቤታቸው አልገቡም። በቀጥታ ወደ ወይራ ውሃ።

እስከ ዛሬ አሥራ ስድስት ወጥተዋል። ሦስቱ ገና ናቸው። አፈሩ ለስልሶላቸው ሁለት እናቶች ከዳር ጉድጓድ ሲምሱ ታይተዋል። ዓለምነህ በሬዎቹን የሚያጠጣው በላይኛው ጫፍ ብቻ ሆኗል፤ ሌላው ሰው በታች በኩል ከብት ሲነዳ «እዚያ ጋ አራስ አለች!» እያለ ይጮህበታል። ስለ ቀሩት ሦስቱ፣ ስለ ዓይነ ስውሯ፣ ስለ እንቁላሎቹ ማወቅ የሚፈልግ ካለ እኔን አይጠይቀኝ። ኩሬው ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ አለ፤ እሳቸውን ይጠይቅ። ጊዜ ይዞ ይሂድ እንጂ። እኔ ለሩብ ሰዓት ብዬ ሄጄ የተነሣሁት ከብቱ ወደ ቤት ሲገባ ነው። ነገም ከትምህርት ቤት ስወጣ ዣንጥላዬን ይዤ እሄዳለሁ።